ዳክዬ ገዳዩ አያት
"አያቴ እኮ አንበሳ ገዳይ ነበሩ" እያለ በአያቱ ጀግንነት የሚኩራራ ሰው አጋጥሟችሁ አያውቅም? እኔ እንዲህ ያለው ሰው የሚበቅለው አገር ቤት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ለንደን፣ ክላፋም ሰፈርም ይበቅላል!

በዘጠናዎቹ ዓመታት ቤታቸውን የማጸዳላቸው ሽማግሌ፣ ሚስተር አርተር፣ ሳሎናቸው ውስጥ የአያታቸውን ፎቶ ሰቅለዋል። አያትየው ጢማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ፣ ነጭ በነጭ የለበሱ፣ በድሮ ዘመን ለክፍለ ሀገራቸው ክሪኬት የተጫወቱ ሰው ናቸው። አቧራውን በጠረግሁ ቁጥር ሚስተር አርተር ገድላቸውን ይጀምሩልኛል፤ ጨርሰውት ግን አያውቁም።

አንድ ቀን የእህታቸው ልጅ መጣችና፣ "አጎቴ፣ ይህን አውርደን መስተዋት እንስቀልበት። ሰውየው እኮ ከዳክ በቀር ያገኘው ነገር የለም!" አለች። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ።

በእንግሊዝኛ ዳክ ዳክዬ መሆኑን አውቃለሁ። ታዲያ ምኑ ያሳፍራል?

"እኛ አገር ለገደለ ሰው ይፎከርለታል እንጂ ፎቶው አይወርድም!" አልኩና መጥረጊያዬን እንደ ጦር እየሰበቅሁ፣ "ዳክዬ ገዳይ! የአርተር አያት!" ብዬ ፎከርሁላቸው።

ልጅቷ ሶፋው ላይ ተደፍታ ሳቀች። "ዳርሊንግ፣ በክሪኬት ዳክ ማለት ዜሮ ነው! አንድም ነጥብ ሳያገኙ ከጨዋታው መባረር!"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድሁ። ሚስተር አርተር ግን የሳቅ እንባቸውን እየጠረጉ፣ "ፎቶው አይወርድም! እስቲ ድገሚው" አሉኝ።

ፎቶው ሳይወርድ ቀረ። እኔን ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ይከነክነኛል፤ የኔም አያት ገደሉት የሚባለው አንበሳስ በማን ቋንቋ ዜሮ ይሆን?