የበለስ ጭማቂ የጠጡት ዝንቦች

እኛ ሰው ስናመሰግን ዕድሜ ነው የምንሰጠው። ውሃ ላቀበለን፣ ባጃጅ ውስጥ ጠጋ ላለልን፣ መንገድ ላሳየን ሁሉ «ዕድሜ ይስጥህ» እንላለን። ከኪሳችን ስለማይወጣ ቸሮች ነን። ለራሳችን ሲሆን ግን ጭንቅ ይይዘናል፤ አንዱ በስልክ «ይህን የበላ አያረጅም» ካለ፣ ሰውየው ማን እንደሆነ ሳንጠይቅ ወደ ገበያ ነው። እኔ ዜና ስሠራ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ «ማን አለ? እንዴት አወቀ?» ማለት ልማዴ ነው። ልማዱ ብዙ ወዳጅ አላፈራልኝም። ዘንድሮ ሰቆጣ ላይ ግን ጠቅሞኛል።

ወዳጄ መምህርት ዝናሽ እዚያው ሰቆጣ ባዮሎጂ ታስተምራለች። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ዝም ብላ መቀመጥ ስለማይሆንላት፣ ጠላ ጋን ላይ የሚያንዣብቡትን፣ እናንተም እፍ እያላችሁ የምታባርሯቸውን ደቃቅ የፍራፍሬ ዝንቦች ይዛ በሁለት ጠርሙስ ከፈለቻቸው። ለአንደኛው ወገን የተፈጨ ሙዝ በእርሾ ሰጠች፤ ለሌላው ያንኑ በበለስ፣ ማለትም በቁልቋል ፍሬ፣ ጭማቂ ለውሳ። ምግብ በሰውነት ውስጥ ሲቃጠል ሴሎችን የሚጎዳ ነገር ይፈጠራል፤ እርጅና በከፊል ከዚህ ይመጣል የሚሉ አሉ። ያንን ጎጂ ነገር ያመክናሉ የሚባሉት አንቲኦክሲደንቶች ደግሞ በለስ ውስጥ ሞልተዋል።

ሙዝ ብቻ የበሉት ሞተው ሲያልቁ በለስ የቀመሱት ገና ይበርሩ ነበር። ወሬው እኔ ዘንድ ሳይደርስ ሰፈሩን አዳረሰ።

መጀመሪያ የሰሙት አብረዋት የሚኖሩት አባቷ መሪጌታ ካሳዬ ናቸው። የደም ግፊት አለባቸው፤ በየጧቱ ኪኒን ይውጣሉ። ፍልሰታ ሲገባ ግን ቅዳሴ እስኪወጣ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ውሃ እንኳ አይቀምሱም። ጾምና የጧት ኪኒን በሆዳቸው ሲሟገቱ ኖረው፣ ዘንድሮ ዝንቦቹ ፈረዱላቸው። ኪኒኑን ትተው ከቅዳሴ በኋላ የበለስ ጭማቂ መጠጣት ጀመሩ። ዝናሽ ብትለምናቸው «አንቺው አይደለሽ እንዴ የፈተንሽው?» አሏት።

አንድ ቀን ማኅሌት ቆመው ሳሉ ራሳቸውን አዞራቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ሰው ደግፏቸው ከመውደቅ ተረፉ። ዝናሽ በማግስቱ ደወለችልኝ። ድምፄን በሬዲዮ ስለሚያውቁት ያምኑኛል ብላ ነው።

«መጀመሪያ አንቺን ልጠይቅ» አልኳት። «ዝንቦቹ እኩል በልተዋል?»

«እሱን አልለካሁም» አለች።

አዳዲስ ዝንቦች ይዛ ምግባቸው ላይ ሰማያዊ የኬክ ቀለም ጨመረችበት። የዝንብ ሆድ ስስ ነው፤ የዋጠችውን ያሳብቃል። ሙዝ ብቻ የቀረበላቸው ሆዳቸው ሰማያዊ ሆነ። የበለሶቹ ላይ ቀለሙ በጭንቅ ይታያል። ጣዕሙን አልወደዱትም መሰል፣ በአፋቸው ነካ ብቻ አድርገውት ነው የሚመለሱት። ትንሽ የበላች ዝንብ ረጅም እንደምትኖር ደግሞ ሳይንሱ ካወቀው ቆይቷል። እንግዲህ ያኖራቸው በለሱ ይሁን ረሃቡ፣ መለየት አልተቻለም።

«ይህን ለአባየ ብነግረው ጾም ነው ያኖራቸው ብሎ ጭራሽ ማታም አይበላም» አለች ዝናሽ። እውነት ለመናገር ስጋቷ ልክ ነበር። ቢሆንም ያልተጣራ ወሬ የት እንዳደረሳቸው ስላየሁ፣ እውነቱን እንንገራቸው አልኩ።

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው መደብ ላይ አረፍ ብለው አገኘናቸው። ሁሉንም ነገርናቸው።

«ጾመው ነዋ!» አሉ ፊታቸው በርቶ። ዝናሽ «አላልኩህም?» በሚል ዓይን አየችኝ።

መሪጌታ ግን ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አንድ ጥያቄ ብቻውን አይመጣላቸውም። «ለመሆኑ ልጅስ ወለዱ?»

«የጠገቡት ብዙ እንቁላል ጥለዋል፣ አባየ። የእነዚህ በጣም ጥቂት ነው።»

«መነኮሳት ናቸው በይኛ!» ሳቁ። «እኔ ስድስት ልጅ የወለድኩ፣ ዶሮ ወጥ ሲቀርብ እጄን ሰብስቤ የማላውቅ ሰው ነኝ። ከእነሱ ጋር በአንድ ጠርሙስ ምን አገባኝ? አምጭው ኪኒኑን።» ጥቂት አሰቡና ጣታቸውን ቀሰሩ። «ከቅዳሴ በፊት ግን አልውጥም።»

ዝናሽ ለሐኪማቸው ደወለች። የእሳቸው ኪኒን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላም ይሆናል፤ ብቻ ሰዓቱን ሳያዛንፉ በየቀኑ ይውሰዱ አላት። ነገሩ ይኸው ነበር። ዝንቦቹን በየተራ ጠይቀናቸዋል፤ ሐኪሙን ግን እስከዚያ ቀን የጠየቀው አልነበረም።

መሪጌታ ኪኒኑን በበለስ ጭማቂ አወራረዱት።

«ጭማቂው አሁንም ለዕድሜ ነው?» አልኳቸው።

«ለጉሮሮ ነው» አሉና ባዶውን ብርጭቆ ለልጃቸው መለሱ። «ዕድሜ ይስጥሽ።»

ማን አለ፣ እንዴት አወቁ ብዬ አልጠየቅኋቸውም።