ሰርቨሬን ቅኔ ሳስቆጥር

የቅኔ መምህር ልጅ ሰርቨር አጠገብ መድረስ የለባትም። ማስረጃ ካሻችሁ እኔው አለሁ።

መካነ ኢየሱስ ከተማ በኮምፒውተር ለሰው የምንጽፍባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ጥግ የተቀመጠው አሮጌ ማሽን ሰርቨር ይባላል፤ ሌሎቹ አራቱ ፋይላቸውን የሚያኖሩት እሱ ላይ ነው። ባለቤቴ መሪጌታ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ድጓ ሲያስተምሩ የተቀዳው ድምፃቸውም ያለው እዚያው ነው። ሌላ ቅጂ የለውም። ካረፉ ወዲህ ጠዋት ሱቅ ስከፍት ጥቂት ሰምቼ፣ ዓይኔን ጠርጌ ነው ሥራ የምጀምረው።

የሰርቨሩ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ማሽኑን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ አርጅቷል ተባለና ደብረ ታቦር ላለው ባለሙያ ለይርጋ ደወልሁ።

«ሁለት ዓይነት አለ፣ እትዬ። አንዱ ተፈትኖ የጸና ነው። ሌላው ገና እየተሠራ ነው፤ በየቀኑ ይለወጣል።»

«በየቀኑ አዲስ?»

«እሱ ለሞካሪ ነው። እርስዎ የጸናውን ይጫኑ። አስቀድመው ግን ፋይሉን ሌላ ቦታ ይገልብጡ።»

እስቲ ፍረዱኝ። አባቴ ወገዳ አጠገብ ቅኔ ሲያስተምሩ ነው ያደግሁት። ቅኔ ቤት የትናንቱን ዛሬ የደገመ ተማሪ መሳቂያ ነው። የማይለወጥ ነገር ለኔ የሰነፍ ነገር ነው… በየቀኑ አዲስ የሚሆነውን ጫንሁ። መገልበጡንም ለነገ አልሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችው ሴት ዘመዴ ሳትሆን አትቀርም።

ሁለት ሳምንት ሠራ። በሦስተኛው አዲስ ማሻሻያ መጣለትና ተቀበል አልሁት። ስክሪኑ ጠቆረ። እኔም ጥቁር ለብሻለሁ… ሁለት ሐዘንተኞች ተፋጠጥን።

ከባለቤቴ ጋር ቤተ ልሔም ድጓ ቤት አብረው የተማሩት የኔታ በበሩ ሲያልፉ ሳለቅስ አገኙኝና ነገሩን ነገርኋቸው።

«ልጄ፣ ከድጓ አንዲት የዜማ ምልክት አትለወጥም» አሉኝ። «ይኼን ዕቃ ድጓ ቤት ማስገባት ሲገባሽ ቅኔ አስቆጠርሽው?»

ይርጋ በማግስቱ በአውቶቡስ መጣ። ዲስኩን ነቅሎ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰካው። ለሥላሴ፣ ለማርያም፣ ስለት ያልተሳልሁለት ታቦት አልቀረኝም።

«ፋይሉ አለ፣ እትዬ። ሲስተሙ ብቻ ነው የሞተው።»

ብሎ አንዱን ከፈተው። ዜማ ስጠብቅ፣ ባለቤቴ ተማሪ እየተቆጡ ነው፦

«ከራስህ አትጨምር። የተሰጠህን ያዝ።»

ይርጋ ዞሮ አየኝና ሳቁን ዋጠ። በሕይወት ሳሉ አንድ ቀን እሺ ብያቸው አላውቅም። ያን ለት ግን፣ ሰው ፊት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «እሺ፣ መሪጌታ» አልሁ።