ጋሽ ናሙና፣ ሃያኛው ሰው

የመመረቂያ ጥናት በሚሠራበት ግቢ ሁሉ አንድ ጋሽ ናሙና አይጠፋም። የክፍሉ ቁልፍ ይጠፋል፣ ወንበር ይጠፋል፣ አማካሪው ራሱ ለሦስት ሳምንት ደብዛው ይጠፋል፤ ጋሽ ናሙና ግን አይጠፉም። ማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ፣ ሙጫው ሳይደርቅ፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው በሩ ላይ ይቆማሉ። «ፈቃደኛ ትፈልጋላችሁ አሉ» ይላሉ፤ ማንም ምንም ሳይላቸው።

የንግግር፣ የመስማትና የተሃድሶ ትምህርት ክፍሉ ጋሽ ናሙና ጡረታ የወጡ የስልክ ኦፕሬተር ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ደፍተው ሰውን ከሰው ሲያገናኙ ኖረዋል። ስሙን ያወጡላቸው ተማሪዎቹ ናቸው፤ እሳቸውም ሰምተው እንደ ማዕረግ ተቀብለውታል። ለእነዚህ ልጆች ያልሰጡት የአካል ክፍል የለም። ስለ መዋጥ ለሚያጠናው አንገታቸው ላይ ሽቦ አስለጥፈው ሠላሳ ጊዜ ውሃ ውጠዋል። ስለ ድምፅ ለምታጠናዋ ሃያ ሁለት ሰከንድ ሙሉ «ኣ» ብለው፣ ፊታቸው ቲማቲም መስሎ፣ «ልድገመው?» ብለዋል። ስለ ሚዛን አጠባበቅ ለሚያጠናውማ በአንድ እግራቸው ቆመው፣ «ግራው ለማስተርስ ነው፤ ቀኙን ለዶክትሬት አስቀምጬዋለሁ» ማለታቸው እስከ ዛሬ ይወራል። የሁሉም ማሰሪያ አንድ ነው፦ «ለሳይንስ ከሆነ እኔ አለሁ።»

የዚህ ታሪክ ባለጉዳይ የሆነችው የመጨረሻ ዓመት ተማሪ መጀመሪያ ላይ ፈርታቸው ነበር። ከእሷ የበለጠ ያውቃሉ! የፈቃደኝነት ቅጹን ስትሰጣቸው ሳያነቡ ፈረሙና፣ «ገጽ ሁለት ላይ ያለው ቀን ያምናው ነው፤ አስተካክዪው» አሏት። ማዳመጫውን ስታጠልቅላቸው ደግሞ፣ «ቀዩ በቀኝ፣ ሰማያዊው በግራ፣ የኔ ልጅ» አሉ። እውነትም ገልብጣው ነበር።

ጥናት በሚቀርብበት ቀን ከኋለኛው ረድፍ ተቀምጠው እጃቸውን ያወጣሉ። ጥያቄያቸው አምናም ዘንድሮም ያው ነው፦ «የናሙናው ብዛት ስንት ነበር?» መልሱን ሲሰሙ ግራ ቀኙን ይቃኛሉ፤ ከተቆጠሩት አንዱ እሳቸው መሆናቸውን ማን እንደሚያውቅ ለማየት። አንድ ጊዜ አንዲት ተማሪ ልታቀርብ ስትል ፈርታ ደረጃው ላይ ስታለቅስ አገኟት። አጠገቧ ቁጭ ብለው፣ የተተኮሰ መሐረባቸውን ሰጥተው፣ ጥናቷን ከሀ እስከ ፐ አስተረኳት። ልጅቷ አዳራሽ ስትገባ ሁለተኛ ጊዜዋ ሆነና ፍርሃቱ ለቀቃት።

የእኛዋ ተማሪ የምታጠናው ጆሯቸው ጤናማ የሆነ አረጋውያን በጫጫታ መሃል የሰው ንግግር እንዴት እንደሚለዩ ነው። ሃያ ሰው ያስፈልጋታል። አሥራ ዘጠኙን ስንት ደጅ ጠንታ አገኘች፤ ሃያኛው ጋሽ ናሙና ናቸው። ማስረከቢያው ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። መጀመሪያ ጆሯቸው ጤናማ መሆኑ መረጋገጥ ስላለበት፣ ድምፅ በማያስገባው ጠባብ ክፍል አስገባቻቸው። እሳቸው ከመስታወቱ ማዶ ይቀመጣሉ፤ እሷ ከመሣሪያው ድምፅ ትለቃለች፤ በሰሙ ቁጥር በእጃቸው የያዙትን ቁልፍ ይጫናሉ፤ እሷ ጋ መብራት ይበራል። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም።

ያን ዕለት አንድም ድምፅ አላመለጣቸውም። «ጋሼ፣ ይሄ የጎረምሳ ጆሮ ነው!» አለቻቸው በሩን ከፈት አድርጋ። ደረታቸውን ነፉ። ደስ ብሏት ወደ ቦታዋ ተመልሳ የወደቀ እስክሪብቶዋን ልታነሳ ጎንበስ ስትል፣ የማዳመጫው ገመድ ከመሣሪያው ተነቅሎ መሬት ላይ ተጋድሟል። ጠዋት መሣሪያውን ስታጸዳ ነቅላው መልሳ መሰካቱን ረስታለች። ጋሽ ናሙና ሲሰሙ የቆዩት ያልተላከ ድምፅ ነው፤ ያውም አንዱን ሳይስቱ።

መጀመሪያ ሳቋ መጣ። ወዲያው ግን ደነገጠች። ገመዱን ሰካችና ወንበሯን አዙራ ጀርባዋን ለመስታወቱ ሰጠች። «ጋሼ፣ አንዴ እንድገመው» አለች። ወፍራም ወፍራሙን ሰሙ። ቀጫጭኑ ጋ ስትደርስ የቁልፉ መብራት መብራቱን ተወ። ድምፁን ከፍ አደረገች። የለም። አሁንም ከፍ አደረገች። ምንም የለም።

የመጀመሪያውን የምርመራ ውጤት ይዛ ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር፤ ሃያዋም ትሞላለች። ዝም ካለች ግን እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ የኮሩበት ጆሮ ሲከዳቸው አብራ ልትደብቅ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ለኦፕሬተር እንዴት ተብሎ ይነገራል? ከባዱን በር ከፍታ ገባች፤ ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው ተቀመጡ።

«ጋሼ፣ ገመዱ ተነቅሎ ነበር።»

«መቼ?»

«ከመጀመሪያው።»

ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አዟዟሩት። «አገጭሽ ነዋ» አሉ። «ድምፁን ልትለቂ ስትይ አገጭሽ ከፍ ይላል። ያምናው ልጅ ደግሞ በቅንድቡ ነበር የሚነግረኝ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ስንት ሰው ነው የሚያስፈልግሽ?»

«ሃያ።»

«እኔ ስንተኛሽ ነኝ?»

«ሃያኛ።»

«ይኸውልሽ!» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ባለቤቴ ቀስ ብላ ማውራት ያበዛች መስሎኝ ነበር። ስንቴ ተቆጣኋት መሰለሽ። ደግሞስ ጆሮው የደከመ ኦፕሬተር ምን ይሠራል? እዚህስ ማን ይፈልገዋል?»

አንጀቷን በሉት። በትምህርት ክፍሉ የጆሮ ክሊኒክ የሚታዩበትን ቀን ነገረቻቸው። ከዚያ ደግሞ ከእሷ በታች ያለው ተማሪ፣ የመስሚያ መሣሪያ ገና ማድረግ የጀመሩ ሰዎች እንዴት እንደሚለምዱት ሊያጠና መሆኑን አስረዳች።

«ስንት ሰው ይፈልጋል?» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

«አሥራ አምስት።»

«ስንት አግኝቷል?»

«ማንንም።»

ጋሽ ናሙና ኮፍያቸውን አነሡ። «እንግዲያው አንደኛ ነኛ!»

ከሁለት ወር በኋላ ተማሪዋ ጥናቷን አቀረበች። ከኋለኛው ረድፍ፣ ከሁለቱም ጆሯቸው ጀርባ ባቄላ የምታህል መሣሪያ አድርገው፣ ጋሽ ናሙና ተቀምጠዋል። ለማንም አላወሩም፤ ኮፍያቸውን እስከ ጆሯቸው ዝቅ አድርገዋል። ፈታኙ መነጽሩን አስተካከለና፣ «ዕቅድሽ ላይ ሃያ ይላል፤ እዚህ አሥራ ዘጠኝ ነው። ሃያኛው የት ሄደ?» አላት። መልሱን አዘጋጅታለች፦ አንድ ተሳታፊ መስፈርቱን አላሟላም፤ ስም አይጠራም። እንደ ልማዷ፣ ከመናገሯ በፊት አገጯ ከፍ አለ።

ከኋላ አንድ ወንበር ተንቋቋ። ጋሽ ናሙና ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመዋል።

«ሃያኛው እኔ ነኝ» አሉ፣ አዳራሹ ሁሉ እየሰማ። «ጆሮዬ ደክሞ ነው የወጣሁት። እኔ ደብቄ፣ እሷ ናት ያገኘችው። ሃያዋን መሙላት ስትችል፣ በሥርዓቱ አሥራ ዘጠኝ ይዛ ቀረበች። በዚህ ነጥብ እንዳትቀንሱባት!»

አዳራሹ ሳቀ፤ ፈታኙም ሳይቀር። ተማሪዋ እንባዋ መጣባት። ፊቷን በወረቀቷ ሸፈነችና፣ ለራሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «አመሰግናለሁ ጋሼ» አለች።

ጋሽ ናሙና ጀርባቸውን ሰጥተው ወንበራቸውን ሊያስተካክሉ ጎንበስ ብለው ነበር። ዞር እንኳ ሳይሉ መለሱላት፦

«ምንም አይደል፣ የኔ ልጅ።»