ከእንግሊዝኛ ላይ ያለፈ ጊዜን ለማስቀነስ የተደረገ ስብሰባ

እኔ ጸሐፊው ማስረሻ ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ልብሴን ራሴ አጥባለሁ፣ ፎቁን ያለ ምርኩዝ እወጣለሁ፣ ይህንንም በእጄ ጽፌዋለሁ። በኮምፒዩተር ይጻፍ ያለ ሰው ነበር፤ አልተቀበልኩትም።

ቀን፦ ቅዳሜ ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት
ቦታ፦ ከዱባይ ተራ ጀርባ፣ የእድራችን ቤት
የተገኙ፦ ሰብሳቢው አቶ ኃይለመለኮት፣ መምህርት ሩታ፣ ነጋዴው አቶ ሰላሁዲን፣ የወላጆች ተወካይ ወይዘሮ ጠሂራ፣ እኔ። ከሰባት የኮሚቴ አባላት አምስት ስለሆንን ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ በእንግሊዝኛ የወደቁ የሦስተኛ ክፍል ልጆች ክረምቱን ምን ይማሩ?

መምህርት ሩታ፣ ጳጉሜ ላይ ድጋሚ ፈተና ስላለ እንግሊዝኛ ነው አለች። ወይዘሮ ጠሂራ፣ ልጃቸው ዳግመኛ ከወደቀች ከታናሽ ወንድሟ ጋር አንድ ክፍል እንደምትቀመጥ፣ ከአሁኑም እህል አልቀምስ እንዳለች ገለጹ። አቶ ሰላሁዲን፣ ጃካርታ ለንግድ ስድስት ዓመት መኖራቸውን አስታውሰው፣ ኢንዶኔዥያኛ እንደተጻፈ ስለሚነበብ ለልጅ ይሻላል አሉ። ሁለቱ እንዲነጻጸሩ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ማነጻጸር

መርካቶ ያለ ደላላ ዕቃ ስለማይገዛ፣ ከደጅ ሁለት ደላሎች ተጠርተው ለየቋንቋው አንድ አንድ ተሾሙ። የኢንዶኔዥያኛው ደላላ ቢኒ፣ ግሡ ለትናንትም ለነገም ያው መሆኑን፣ ብዙ ሲፈለግ ቃሉን መድገም እንደሚበቃ፣ «ቡኩ» መጽሐፍ፣ «ቡኩ-ቡኩ» መጻሕፍት እንደሆነ አስረድቶ፣ «ጋሼ፣ የሚሰበር ነገር የለውም» አለ። የእንግሊዝኛው ደላላ ይስሐቅ «የእኔው ቶሎ ይበላሻል፤ መለዋወጫው ግን የትም አለ» ሲል መለሰ።

አጀንዳ 3፦ ዋጋ

ሰብሳቢው፣ እንግሊዝኛው ይወሰድ፣ ግን ይቀነስልን አሉ። መምህርት ሩታ፣ ባለፈ ጊዜ መልካቸውን የሚለውጡ ስልሳ ግሦች ለፈተናው ያስፈልጋሉ አለች። አሥር ይበቃል አልኩ። «ጋሼ ማስረሻ፣ ሽንኩርት አይደለም እኮ» አለችኝ። «አንቺ ገና ልጅ ነሽ» አልኳት። ከረዥም ውይይት በኋላ በሃያ አምስት ግሥ ተዘጋ። ምርቃት ደግሞ የቀሩት ግሦች ያለፈ ጊዜ ጨርሶ እንዲቀር፣ ብዙ ቁጥርም እንደ ኢንዶኔዥያኛው ቃሉን በመድገም እንዲሆን ተወሰነ። ደላሎቹ ተጨባበጡ።

ወይዘሮ ጠሂራ «ፈታኙ በዚህ ዋጋ ተስማምቷል?» ሲሉ ጠየቁ።

ፈታኙን የጠየቀ ሰው አልነበረም። ሰብሳቢው «ይሰርዙት» አሉኝ።

ውሳኔ፦ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። መምህርት ሩታ እንግሊዝኛውን አንድ ሳይቀነስ ከሰኞ ጀምሮ ታስተምራለች። 6 ሰዓት ከሩብ ላይ ተበተንን።

ማንም ሳይጠይቀኝ ራሴ የምከፍላቸው ዕዳዎች፦

ለመምህርት ሩታ፣ አንድ ይቅርታ።

ለአቶ ሰላሁዲን፣ በኢንዶኔዥያኛ እስከ አሥር ልቆጥር ተወራርጄ ሦስት ላይ ስለቆምኩ፣ የቀሩት ሰባት።

ለወይዘሮ ጠሂራ፣ ልጅቷን እስከ ፈተናው ቀን ጠዋት ጠዋት የአውቶቡስ ተራን አስፋልት ማሻገር። እሷ ናት የእኔን እጅ ይዛ የምታሻግረኝ የሚል ካለ፣ ውሸት ነው።