ቀይና ነጭ ክር

(ዛፍ ማበብ በጀመረበት ሰሞን፤ በቡልጋሪያ ተራሮች መካከል ጭር ያለ ጥብቅ ደን። የጡረተኞች የእግር ጉዞ ማኅበር መስኩ ላይ ምሳ በልቶ አዲስ መንገድ መሪ ሊመርጥ ነው። ገናዲ መመረጥ ይፈልጋል፤ ቀድሞ ለመድረስ በመጀመሪያው አውቶቡስ መጥቷል። መነጽሩን ግን መሪ ለሚባል ሰው አያምርም ብሎ ቤት ትቶታል። የእህቱ ባል ስትራሂል የምሳውን ቅርጫት ተሸክሞ ይከተለዋል።)

ገናዲ፦ የአይብ ቂጣውን ከጠርሙሱ ሥር ነው የከተትከው?

ስትራሂል፦ ከጠርሙሱ ሥር አይደለም ጋሼ። ከድስቱ ሥር ነው።

ገናዲ፦ ጭፍልቅ ያለ ቂጣ አብልቼ ማን ይመርጠኛል?

ስትራሂል፦ ከራባቸው ይመርጡዎታል። ዋናው መድረሳችን ነው። መገንጠያው ላይ በቀኝ እንሂድ ብዬ ነበር።

ገናዲ፦ አንተ በቀኝ ስላልክ ነው በግራ የሄድኩት። ያ ዛፍ ላይ ቀይና ነጭ ይታይሃል?

ስትራሂል፦ ይታየኛል። ያምራል፣ አይደል?

ገናዲ፦ ማማሩ ምን ያደርግልሃል? ትክክል መሆኑን ነው ማየት።

ስትራሂል፦ ትክክልማ ነው። ያበበ ዛፍ ላይ ነው ያለው።

ገናዲ፦ አበበ አላበበ አንተ ምን አገባህ?

ስትራሂል፦ ያላበበ ላይማ አይሆንም ጋሼ።

ገናዲ፦ (ለራሱ) እህቴ ይሄን ሰው ከየት አመጣችው?

(አንድ ምንጭ ጋ ይደርሳሉ።)

ስትራሂል፦ ከዚች ምንጭ ቅድም የጠጣን መሰለኝ።

ገናዲ፦ የዚህ ተራራ ምንጭ ሁሉ ድንጋይና ቧንቧ ነው። ይመሳሰላል።

ስትራሂል፦ ቅድም የረሳሁት ኮፍያዬም ይመሳሰላል? (ከቧንቧው ላይ አንስቶ ያደርገዋል።)

ገናዲ፦ (ይቆማል) ምልክት አይዋሽም። እንዲያውም እየበዛ ነው የመጣው። አሁን በየዛፉ ሆኗል።

ስትራሂል፦ ይበዛላ። እያሰርኩ እኮ ነው።

ገናዲ፦ ምኑን?

ስትራሂል፦ ማርቴኒጻውን ነዋ። ብርዱ ሊወጣ ሲል ሰው ሁሉ እጁ ላይ ያሰረውን ክር። ተራራ መውጣት ያቃታቸው የሰፈር አሮጊቶች፣ ያበበ ዛፍ ላይ ስቀልልን ብለው ኪሴን ሞሉት።

(ገናዲ አፍንጫው ግንዱን እስኪነካ ይጠጋል። ይዳስሳል።)

ገናዲ፦ ክር ነው።

ስትራሂል፦ ምን መስሎዎት ነበር?

ገናዲ፦ የመንገዱ ምልክት ነዋ። እሱም ዛፍ ላይ የተቀባ ቀይና ነጭ ቀለም አይደል? አንተ ጅል፣ ራሳችንን ስንከተል ዋልን።

ስትራሂል፦ ኧረ እኔስ እርስዎን ነው የተከተልኩት።

(የስትራሂል ስልክ ይጠራል።)

ስትራሂል፦ አቤት ራይና... እሺ... እሺ። (ይዘጋል) እህትዎ ናት። በሁለተኛው አውቶቡስ የመጡት ሁሉ መስኩ ላይ ናቸው። የያዙትን በልተው ምርጫውንም ጨርሰዋል።

ገናዲ፦ ማንን መረጡ?

ስትራሂል፦ መገንጠያው ላይ የምልክቱ ቀለም ለቆ ግራ ገብቷቸው ነበር አሉ። በቀኝ በኩል ዛፍ ላይ ክር ሲያዩ በዚያው ገቡ። እርስዎ ተቆጥተው ሳይመልሱኝ ያሰርኳት የመጀመሪያዋ ናት። ራይና ደግሞ ቋጠሮዬን ታውቀዋለች።

ገናዲ፦ ማንን መረጡ ነው ያልኩህ።

ስትራሂል፦ (አቀርቅሮ) ክሯን ያሰረውን።

(ገናዲ ዛፉን ያያል፣ ኮፍያውን ያያል፣ ቅርጫቱን ከስትራሂል ተቀብሎ ይሸከማል።)

ገናዲ፦ በል እንግዲህ፣ ምራኛ።

ስትራሂል፦ እሺ ጋሼ። መጀመሪያ እጅዎን ያምጡ። (አንድ ክር ያስርለታል።)

ገናዲ፦ ምነው፣ እኔም አበብኩ?

ስትራሂል፦ አላበቡም። ሲጠፉ እንዳገኝዎት ነው።