ጭራቁን ካላስማሉ የማያምኑት ጎረቤቴ

ፊልም ውስጥ ላሉ ሰዎች ምክር የሚሰጥ ሰው የሌለበት ግቢ ደብረ ብርሃን ውስጥ የለም፤ አለ ከተባለም ገና ተከራይ ያልገባበት ነው። ይህን ሰው ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ልጅቷ ሻማ ይዛ ብቻዋን ወደ ምድር ቤት ስትወርድ ከወንበሩ ብድግ ብሎ «አንቺ! ተመለሺ! እናት የለሽም?» የሚለው እሱ ነው። ልጅቷ አትሰማውም። እሱ ደግሞ እንደማትሰማው አያምንም።

በእኛ ግቢ ይህን ኃላፊነት የያዙት አቶ ሠረቀብርሃን ናቸው። ብርድ ልብስ ፋብሪካ በር ላይ ሃያ ስድስት ዓመት በጥበቃ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ የአስፈሪ ፊልም አፈ ጉባኤ፣ የመናፍስት ጉዳይ ዋና አማካሪ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና እኔ በልቤ «ሊቀ ጭራቃን» የምላቸው ሰው። ቅዳሜ ቅዳሜ ፍላሻቸውን ይዘው ፊልም ከሚጭነው ልጅ ዘንድ ይሄዳሉ። ልጁ «አባባ፣ የፍቅር ላድርግልዎት ወይስ ኮሜዲ?» ይላቸዋል። «ልጄ፣ ሰው የሚበላ የለህም?» ይሉታል።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ምሳ ተበልቶ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ግቢው እሳቸው ቤት ይሰበሰባል። መጋረጃው አይዘጋም። ማታ ማየት ክልክል ነው። «ማታ ጭራቁ ይበልጠናል፤ በቀን ግን እኩል ነን» ይላሉ። ባለቤታቸው ፍቅርተ ፊልሙን የምታየው በነጠላ ተሸፋፍና ነው።

«መጣ?»

«መጣ።»

«ምን ይመስላል?»

«ጥርስ ብቻ ነው።»

«ሞተ?»

«ኧረ ገና ነው፣ አንቺ ሴት!»

«ሲሞት ንገረኝ፤ ያኔ እገልጣለሁ።»

ፍቅርተ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ጭራቅ በሕይወት እያለ አይታ አታውቅም። ሬሳቸውን ግን አንድም ሳይቀር ታውቀዋለች።

እኔ ለምን እንደምሄድ ልናገር። ዘንድሮ ከጥምቀት በኋላ አንገቴ ላይ፣ ከመንጋጋዬ በታች እብጠት አገኘሁ። ሆስፒታል ሄድኩ፤ በመርፌ ናሙና ወሰዱ። በየካቲት «ውጤትዎ ደርሷል፤ መጥተው ሐኪም ያናግሩ» ብለው ደወሉልኝ። አልሄድኩም። መጀመሪያ ጾም ገባ አልኩ፤ ቀጥሎ ብርዱ በረታ አልኩ፤ ቀጥሎም ምክንያት ማምጣቱን ተውኩት። ለማንም አልተናገርኩም። ሻርፕ ጠመጠምኩ፤ ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ሰው ለምን ሻርፕ እንደጠመጠመ የሚጠይቅ የለም። ጠዋት ጠዋት ጸበል እጠጣለሁ፣ ዳዊቴን እደግማለሁ፣ ከዚያ እስከ ሆስፒታሉ አጥር ድረስ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ከአጥሩ እመለሳለሁ። በእምነቴ አልቀልድም፤ ግን ያን ሰሞን የያዝኩት እምነት እስከ አጥሩ ድረስ ብቻ ነበር።

እሑድ ስምንት ሰዓት ሲሆን ግን የሌላ ሰው ፍርሃት ለማየት እሮጣለሁ። ሌላ ሰው ሲፈራ የእኔ ለሁለት ሰዓት ያህል እረፍት ይወስዳል።

ፊልሙ ሲያልቅ የሚመጣውን ነገር የሚያውቅ ያውቀዋል። በሩ ተከፍቶ ስንወጣ ግቢው እንዳለ ነው። ልብስ ገመዱ ላይ ነው፣ ጎረቤት ከጎረቤት በቧንቧ ይጣላል፣ ፀሐይዋም ያችው ብርድ የማትገፋ ፀሐያችን ናት። ሁሉ በቦታው ስለሆነ ብቻ ደስ ይለናል። እኔ ጎረቤላ በምትባል የገደል አፋፍ መንደር ነው ያደግኩት። እዚያ ጭጋጉ ከገደሉ ሲወጣ እጅህን አታይም፤ አንዳች ነገር ኮሽ ኮሽ እያለ ወደ አንተ ይመጣል። እኛ ልጆቹ ተቃቅፈን እንንቀጠቀጣለን። ቀርቦ ሲታይ የጎረቤት አህያ ነው። ያን ጊዜ የምንስቀውን ሳቅ ከዚያ ወዲህ የትም አልሳቅኩትም። ብርሃኑ ላይ በወጣው አህያ ነበር የምንስቀው፤ ጭጋጉ ግን እስኪነሣ ድረስ አይሳቅበትም።

አቶ ሠረቀብርሃንም የማይወዱት ጭራቁ እስከ መጨረሻው የማይታይበትን ፊልም ነው። ጥላ ብቻ፣ ኮቴ ብቻ፣ በር ሲንቋቋ ብቻ አሳይቶ የሚያልቅ። «ይውጣ! ይውጣና ይታይ!» እያሉ ጉልበታቸውን ይመታሉ። ሳይወጣ ካለቀ ይቀየማሉ። «ሰው ጠርቶ፣ አስቀምጦ፣ ድስቱን ሳይከፍቱ መሸኘት ምን የሚሉት ነውር ነው?»

አንድ ጊዜ ፊልሙ ውስጥ ያለች ሴት በጨለማ ኮሪደር ግድግዳ እየዳበሰች ስትሄድ ተነሥተው የሳሎናቸውን መብራት አበሩ።

«ጋሽ ሠረቀ፣ ምን ሊያደርግልዎት?» አልኳቸው።

«ትይበት!»

ሌላ ጊዜ ጭራቁ ጥፍሩን እንዳነሣ መብራት ጠፋ፤ ሦስት ቀን ሳይመጣ ቀረ። ሦስቱንም ቀን ሰውዬው እህል አልቀመሱም ብል ትንሽ ነው የማጋንነው። «እጁን አንሥቶ ቆሟል እኮ!» ይላሉ ያገኙትን ሰው ሁሉ፤ «ልጅቷ እዚያው ጥግ ላይ ናት!» መብራት በመጣ ዕለት ጭራቁ ሲሞት አዩና በቀጥታ ነጠላቸውን አጣፍተው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። የተመስገን ጸሎት እንዳደረሱ እርግጠኛ ነኝ፤ ለምን እንደሆነ ለካህኑ እንዳልተናገሩም እርግጠኛ ነኝ።

ስለ ካህን ካነሣሁ፣ እኔም ነገሩ ቢከብደኝ ለንስሐ አባቴ ለመምሬ ዘርአ ዳዊት ተናገርኩ። «አባቴ፣ በጾም ጭራቅ አያለሁ።» ጠጋ አሉኝ። «ምን ዓይነት ጭራቅ?» ነገርኳቸው። «እሺ፣ ከዚያስ?» ነገርኳቸው። «ልጅቷስ?» አሉ። «አመለጠች፣ አባቴ።» «ተመስገን» አሉና አርባ ስግደት ሰጡኝ። ልሄድ ስል ጠርተው «ወንድምየውስ?» አሉኝ።

የሊቀ ጭራቃን ትልቁ ትምህርት ግን ስለ መሐላ ነው። አባታቸው ጸበል ያለበት ደብር ያገለግሉ ስለነበር ያደጉት ክፉ መንፈስ ሲለፈልፍ እየሰሙ ነው። ሥርዓቱን ያውቁታል፤ መጀመሪያ ስሙን ይጠየቃል፣ የት እንደያዘ ይጠየቃል፣ ከዚያ ዳግመኛ እንዳይመለስ ምሎ ይወጣል። ይህ ሥርዓት ለፈረንጅ ጭራቅም ይሠራል ብለው ያምናሉ። ፈረንጆቹ ጭራቁን ያቃጥሉታል፣ ገደል ይከቱታል፣ በመኪና ይሄዱበታል፤ ስሙን የሚጠይቀው ግን የለም። ሁሉም ተቃቅፎ ሲያለቅስ የእሳቸው ፊት ብቻ እንደጠቆረ ይቀራል።

«ሞተ እኮ፣ አንተ ሰውዬ!» ትላቸዋለች ፍቅርተ፣ ነጠላዋን ገልጣ።

«ምሏል?»

«ተቃጥሎ አመድ ሆነ!»

«ሳይምል የወጣ፣ ወጣ አይባልም።»

ክፍል ሁለት ሲመጣ ደግሞ ግቢውን በር ለበር ይዞራሉ። «አላልኩም? አላልኩም ወይ?» እስከ ክፍል ሰባት የደረሰ ጭራቅ አይተናል። ሰባቱንም ጊዜ ያስማለው አልነበረም።

በመጋቢት አንድ እሑድ ያየነው ፊልም ስለ አንዲት ሴት ነበር። ቁም ሣጥኗ ውስጥ አንድ ነገር ይቧጭራል። እሷ በሩን አትከፍትም። ወንበር አስደግፋበት ትኖራለች፤ ሥራ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ ትበላለች፣ ወንበሩን ታያለች። አቶ ሠረቀብርሃን በታሪካቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ምክራቸውን ለወጡ።

«ክፈቺው!» ብለው ጮኹ። «ክፈቺው እንጂ! እስከ መቼ ነው?»

«ምን አቻኮለዎት?» አልኩ እኔ። «ይተዉአት! ምን እንዳለ እሷ መች ጠፋት?»

ድምፄ ለፊልም ከሚገባው በላይ ወጥቶ ነበር። ቤቱ ዞሮ አየኝ። ፍቅርተ እንኳ ጭራቁ በሕይወት እያለ ነጠላዋን ገለጠች። እኔም አፌን ይዤ አለቀስኩ።

አቶ ሠረቀብርሃን ሪሞቱን አንሥተው ፊልሙን አቆሙት። በሦስት ዓመት ውስጥ መብራት ኃይል እንጂ እሳቸው ፊልም አቁመው አያውቁም።

«ምንድነው እማዋይሽ?»

ሻርፔን ፈትቼ አሳየኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«መቼ ነው የደወሉልሽ?»

«ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቀኔ ነው።»

ፍቅርተ ደረቷን መታች። «አሥራ ዘጠኝ ቀን! አንቺ፣ እኔ እዚህ አጠገብሽ የላስቲክ ጭራቅ ሲሞትልኝ እልል እላለሁ፣ አንቺ አሥራ ዘጠኝ ቀን ብቻሽን?» ስድቡን ቀጠለች፤ እጄን ግን አልለቀቀችም።

«ነገ በሁለት ሰዓት» አሉ ባለቤቷ።

በሁለት ሰዓት ኮታቸውን እስከ አንገት ቆልፈው በሬ ላይ ቆመው ነበር። መንገዱን ሁሉ አወሩ። የባጃጁን ነጂ መከሩት፤ ሆስፒታሉ ስንደርስ የካርድ ክፍሉን ሰልፍ መከሩት፤ እግሩ በጄሶ የታሰረ ሰው አጠገብ ቆመው እንዴት መውደቅ እንደነበረበት አስረዱት። ስሜ ተጠርቶ ከሐኪሟ በር ስንደርስ ግን ቆሙ። አየኋቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«አይገቡም?»

«እኔ... እዚህ ልጠብቅሽ።» ከአግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «ብቻ ስሙን ጠይቂ። ስሙን ሳትጠይቂ እንዳትወጪ።»

ገባሁ። ሐኪሟ ልጄ የምትሆን ናት። ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች፣ ወረቀቱን አየች። ጸሎቴ ሁሉ ጠፋኝ፤ «እናቴ» የሚለው ብቻ ቀረኝ።

«ስሙ ማን ነው?» አልኳት።

ግራ ገባት። «የማን?»

«የዚህ። የአንገቴ።»

«አይ፣ እንደፈሩት አይደለም እናቴ። ካንሰር አይደለም። የንፍፊት ቲቢ ነው። መድኃኒት አለው፤ ስድስት ወር ይወስዳሉ፣ ይድናሉ። የእርስዎ ዓይነቱ ለጎረቤት አይተላለፍም።»

ቲቢ ነው ተብሎ እልል ያለ ሰው በዚያ ሆስፒታል ከእኔ በፊት ይኑር አይኑር አላውቅም። እልልታዬ ኮሪደሩን ሞላው። አቶ ሠረቀብርሃን በሩን በትከሻቸው ከፍተው ገቡ፤ ሰምተው ሳይሆን ደንግጠው።

«ቲቢ!» አልኳቸው። «ቲቢ ብቻ ነው፣ ጋሽ ሠረቀ!»

አንገቴን፣ ሐኪሟን፣ ጣሪያውን አዩ። ከዚያ እኚያ «ሰው የሚበላ የለህም?» የሚሉ፣ ሰባት ክፍል ጭራቅ የቆጠሩ ሰው ከሐኪሟ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ሐኪሟ ውሃ የሰጠችው ለእሳቸው ነው፤ እኔ ደህና ነበርኩ።

ውሃውን እንደጨረሱ ዓይናቸውን ጠረጉና «ተመልሶ አይመጣም?» ብለው ጠየቁ።

«መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ከጨረሱ አይመለስም» አለች። «ማቋረጥ ነው የሚመልሰው። ስለዚህ ሲውጡ በየቀኑ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል።»

ያንኑ ቀን መድኃኒቱን ለመጀመር ወደ ጤና ጣቢያው ሄድን። ልጄ አረርቲ ነው ያለው፤ ባሌ ካረፈ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ነርሷ ካርዱን ስትሞላ «መድኃኒቱን የሚከታተል ሰው ስም?» አለች። ወደ አቶ ሠረቀብርሃን ዞርኩ። ኮታቸውን አስተካክለው ሙሉ ስማቸውን እስከ አያት ነገሯት። ቀጥሎ «ዝምድና» የሚል መስመር ነበር። ነርሷ እስክሪብቶዋን ይዛ ሁለታችንን አየችን። ለዓለም ሁሉ ምክር ያላቸው ሰው አሁን ጫማቸውን ያያሉ።

«ወንድሜ ናቸው» አልኳት።

ጻፈች። አቶ ሠረቀብርሃን አንገታቸውን በጠረጴዛው ላይ አሰገጉና የተጻፈውን ቀስ ብለው አነበቡት።

«በእርሳስ አይደለም አይደል፣ ልጄ?» አሏት። «እንዳይጠፋ።»