ቅቤ የጠጣው ማሲንቆ

እኛ መንዞች በቅቤ ላይ ያለን እምነት ራሱን የቻለ ጥናት ያስፈልገዋል። ራስ ሲያም ቅቤ፣ ጠፍር ሲደርቅ ቅቤ፣ በር ሲጢጥ ሲል ቅቤ። ጎረቤቴ እትዬ አስካለ አንድ ቀን የተበላሸ ሬዲዮናቸውን ጀርባውን ሲቀቡት ደርሼባቸዋለሁ። ሬዲዮኑ ሠራ ወይ? አልሠራም፤ ግን አማረበት።

እኔ ግን የተማርኩ ሰው ነኝ። መሐል ሜዳ ከተማ ፊዚክስ አስተምራለሁ። በተለይ የሰበቃን ምዕራፍ ሳስተምር ብታዩኝ! ሰበቃ ባይኖር ሰው አይራመድም፣ ፍሬን አይዝም፣ ክብሪት አይለኮስም እያልኩ ጠመኔው እስኪሰበር ሰሌዳውን እደበድበዋለሁ። ይህን ያህል የሚያውቅ ሰው ምን እንደሠራ ስነግራችሁ ለተማሪዎቼ እንዳታወሩብኝ አደራ።

ነገሩ የእናቴ ጆሮ ነው። ግራው ከተዘጋ ሰንብቷል፤ ቀኙም እየደከመ ነው። ደብረ ብርሃን ወስጄ አስመረመርኳት። ሐኪሙ እሷ እንዳትሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ይኸኛውም ብዙ አይቆይም፣ የመስሚያ መሣሪያም አይረዳትም አለኝ። ድምፁን ዝቅ ማድረግ ምን አስፈለገው? ከቀኝ ጆሮዋ ሥር ካልጮኹ መቼ ትሰማለች? እናቴ ግን ፊቴን አይታ ገብቷታል። በመልሱ መንገድ ላይ፣ ጨርሶ ሳይዘጋብኝ የአባትህን ማሲንቆ አንድ ጊዜ አሰማኝ አለች። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም።

አባቴ የጽሕፈት ቤት ዘበኛ ነበር። ማሲንቆ የሚመታው ለእንጀራ ሳይሆን ለእሷ ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ ማሲንቆው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቆዳው ደርቋል፣ የጭራው ክር ረግቧል። እኔ ከአባቴ የተማርኩት አንድ ዜማ ብቻ ነው፤ እሱንም በደንብ አልተማርኩትም። ቢሆንም አወረድኩትና አቧራውን ጠረግሁ። ቆዳው እንደ ቆሎ ሲንኳኳ ሰማሁ። የደረቀ ቆዳ ምን ይደረጋል? መቼም መንዜ ነኝ። ለጋ ቅቤ አምጥቼ እስኪጠግብ አጠጣሁት። ከዚያ እጄ ላይ የቀረችው ቅቤ እንዳትባክን ብዬ ክሩንም የደጋኑንም ጭራ ከላይ እስከ ታች አሸሁባት። እንዴት አማረ መሰላችሁ!

በማግሥቱ እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች፤ ቀኝ ጆሮዋን ወደ እኔ አዞረች። ደጋኑን ሳብኩት። ምንም የለም። ገፋሁት። ምንም። ጭራው በጭራው ላይ እየተንሸራተተ ያልፋል እንጂ ትንፍሽ አይልም። እናቴ ትንሽ ጠበቀችና፣ ጀመርክ ወይ? አለችኝ። እኔ ሞኙ፣ ጮክ ብዬ ጀምሬያለሁ አልኳት።

ነጠላዋን በፊቷ ላይ ሳበች። በቃ፣ ለማሲንቆው ተዘጋብኝ፣ አለች።

ማሲንቆው ነው እንጂ ጆሮሽ አይደለም ብዬ ጮህኩ። ቅቤው ነው፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት እያልኩ በቀኝ ጆሮዋ ለፈለፍኩ። ይህን ሁሉ ሰምታ፣ አንተ ድሮም ደግ ልጅ ነህ፣ ለእኔ ብለህ አትዋሽ አለችኝ። እትዬ አስካለን ለምስክርነት ጠራኋቸው። እሳቸውም በመድኃኔዓለም ስም ማሉላት። እናቴም፣ አስካለም ደግ ናት አለች። ለካ ደግነት ያለ ቦታው ሲሆን እንዲህ ይገድላል! የቀረኝ ነገር ማሲንቆውን አስጠግኖ ማሰማት ብቻ ሆነ።

በጋቢ ጠቅልዬው በሚኒባስ ዘመሮ ሄድኩ። በዚያ አካባቢ ማሲንቆ የሚሠሩ ሰው ጋሽ ደምሴ ብቻ ናቸው። ክሩን በጣታቸው ዳበስ አድርገው ጣታቸውን አሸተቱና፣ ለመብል አስበኸው ነበር ወይ? ሲሉ ጠየቁኝ። ቀጥለው ሥራዬን ጠየቁ። መምህር ነኝ አልኩ። የምን መምህር? አሉ። ፊዚክስ ማለት አፈርኩና፣ የስፖርት አልኳቸው።

ቅቤ የነካው ጭራ አጥበው ቢያሰጡትም አይመለስም አሉኝ። ክሩም ደጋኑም በአዲስ ጭራ ይተካ፤ እሱም የወንድ ፈረስ መሆን አለበት፣ የባዝራ ጭራ ሽንት ስለሚያገኘው ይበጣጠሳል። ቆዳውም ላልቷልና በፍየል ቆዳ ይለወጥ። የተወጠረው ቆዳ ደግሞ በጥላ ይደርቃል፤ እሳት ካሳዩት ይሰነጠቃል። ወሩ ሐምሌ ነበር፤ ጉሙ ከቤት ደጃፍ አይነሳም። የእናቴ ጆሮ ሊዘጋ ነው፣ ጊዜ የላትም፣ እባክዎ ያፋጥኑልኝ ብዬ ለመንኳቸው። እኔን ምን ትለምነኛለህ፣ ቆዳውን ለምነው አሉኝ። ከዚያ ግን ድምፃቸው ለስለስ አለ። አሁን አሁን ማሲንቆ የሚያሠሩት ሆቴሎች መሆናቸውን፣ እነሱም ግድግዳ ላይ ለመስቀል ስለሆነ ስለ ቀለሙ እንጂ ስለ ድምፁ እንደማይጠይቁ አጫወቱኝ። ለአንድ ሰው ጆሮ ብዬ ከሠራሁ ቆይቻለሁ አሉ።

ሦስት ሳምንት ፈጀ። በመጀመሪያው ሳምንት እናቴ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ትሰማ ነበር። በሁለተኛው፣ ዛሬ ደወል አልተደወለም ወይ? ማለት ጀመረች። በሦስተኛው መጠየቋንም ተወችው። እኔ ቆዳ እስኪደርቅ እጠብቃለሁ፣ እዚህ ቤት የእናቴ ጆሮ እየሄደ ነው። ሰው ራሱን በቅቤ ምክንያት ሊጠላ ይችላል? እኔ ጠልቻለሁ።

ጋሽ ደምሴ ሲያስረክቡኝ ጭራው ክሩን እንዲይዝ ደጋኑን በዕጣን ሙጫ አሹትና አንድ ጊዜ ሳቡት። መንገድ ላይ በግ የሚነዱ ሰዎች ዞረው አዩን። አባቴ ከጓዳ የጠራኝ መሰለኝና እዚያው ቆሜ እንባዬ መጣ።

ቤት ደርሼ ጋቢውን ሳልፈታ እናቴን አስቀመጥኳት። ያችን የማውቃትን አንድ ዜማ ጀመርኩ። እያጣመምኩም ቢሆን ድምፁ ቤቱን ሞላው፤ እትዬ አስካለ ከአጥራቸው ማዶ ሰምተው እልል እያሉ ገቡ። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። ራሷን ቀስ እያለች ትነቀንቅ ጀመር። ይኸው ሰማሁት፣ ቁርጥ የአባትህ እጅ ነው አለች! አባቴ እንደኔ ቢመታ ኖሮ ባላገባችው ነበር፤ ግን የዚያን ሰዓት ማን ይከራከራል? ደስታዬ ልክ አጣ። ዓይኔን ለመጥረግ ደጋኑን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩ።

ቤቱ ጸጥ አለ። እናቴ ግን ዓይኗን እንደጨፈነች አሁንም ራሷን ትነቀንቃለች። እትዬ አስካለ እሷን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ መሬት መሬቱን ማየት ጀመሩ።

ዓይኗን ገልጣ መምታቱን አቁሜ እንዳታገኘኝ ቶሎ ደጋኑን አነሳሁና ቀጠልኩ። ጥቂት ቆይታ ገለጠች። እንባዬን አየችው። እኔ እየሰማሁልህ አንተን ምን ያስለቅስሃል? አለችኝ።